ልጄ ጀልባ አላቃጠለም

ያብስራ የልጅ ልጄ ነው፤ ያሳደግኩት ግን እኔ ነኝ። እናቱ ሆስፒታል ስትሠራ፣ አባቱ ትራክ እየነዳ ከስቴት ስቴት ሲዞር፣ እዚህ አሜሪካ፣ ስኔልቪል የሚባለው ከተማ ያለው ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የምንቀረው እኔና እሱ ነበርን። ስለዚህ ይህ ልጅ በሕይወቱ ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መልሱም አጭር ነው፤ ምንም አላደረገም።

ኧረ ምንም! ውሻ ካየ መንገድ ይሻገራል። አባቱ ዋና ላስተምርህ ብሎ ገንዳ ውስጥ ቢያስገባው፣ ውኃው ገና ጉልበቱ ሳይደርስ እሪታውን አቅልጦ ሰፈሩን ሰበሰበው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ እንኳ «ቀኑ ያለፈበት ወተት ጠጥቻለሁ፣ እሞታለሁ እንዴ?» ብሎ የደወለልኝ ልጅ ነው። እኔም አትሞትም ብዬ ስልኩን ዘጋሁና፣ ቢሞትስ እያልኩ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አደርኩ።

ይህ ልጅ ነው እንግዲህ መጽሐፍ ጽፎ፣ በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ኒውዮርክ ድረስ ተጠርቶ ትልቅ ሽልማት የተሸለመው። ልብ ወለድ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጎረቤት ጀልባ» እንደ ማለት ነው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ እኔ የማየው ኮቱ ትከሻው ላይ እንዴት እንደሰፋው ነበር። ከስቷል። ምን እየበላ እንደሚጽፍ ጌታ ይወቅ።

አንድ ቅጂ ሲሰጠኝ «እማማ፣ አታንብቢው» አለኝ።

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ዝም ብለሽ ያዢው። ማለቴ፣ ለመታሰቢያ።»

እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። መዝገበ ቃላቴን አወጣሁና መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ «እኔ» እያለ የሚያወራ ሰው አለው። ይህ «እኔ» የሚባለው ሰው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ የአያቱን የወርቅ ሐብል ከመሳቢያ ሰርቆ ይሸጣል። እጄን ሳላስበው አንገቴ ላይ ሰደድኩ፤ ሐብሌ አለ። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ያው ሰው ሐይቅ ዳር የቆመ የጎረቤቱን ጀልባ ቤንዚን አርከፍክፎ ያቃጥላል። እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁና ቁም ሳጥን ውስጥ አንሶላዎቼ መሀል ሸሸግኩት። ልብ ወለድ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው ምን ይለው ይሆን ብዬ ነው።

የፈራሁት አልቀረም። ፓስተራችን ደግ ሰው ናቸው፤ ግን መጽሐፉን አላነበቡም። እሑድ መድረክ ላይ ወጡና «ልጃችን ያብስራ ሕይወቱን ለአሜሪካ ሕዝብ መስክሯል! ገዝታችሁ አንብቡ!» አሉ። ጉባኤው እልልታውን አቀለጠው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ «እኔ» ካለ ምስክርነት ነው። «እኔ እጠጣ ነበር፣ እኔ እሰርቅ ነበር፣ ጌታ አገኘኝ» ይላል፤ እኛም አሜን እንላለን። ሌላ ዓይነት «እኔ» አናውቅም። በር ላይ የተደረደረው መጽሐፍ ከሳምቡሳው ቀድሞ አለቀ። ሰዉም እቤቱ ሄዶ ምስክርነት አነበበ።

በሚቀጥለው እሑድ ገና ከመኪና ስወርድ ጓደኛዬ ፋናዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«አንቺ ሴት! ይሄን ሁሉ ጉድ በሆድሽ ይዘሽ ነው አጠገቤ ቆመሽ ስትዘምሪ የኖርሽው?»

«የምን ጉድ?»

«ሐብሉን ነዋ! ሰርቆሽ ሲሸጠው ለእኔ አትነግሪኝም?»

«ይኸው አንገቴ ላይ አይደለም እንዴ ፋናዬ?»

ዓይኗን አጥብባ አየችው። በጣቷም ነካ ነካ አደረገችው። «እሰይ፣ ሌላ ገዝቶ ተካልሽ!» አለችና እንደገና አለቀሰች።

የመዘምራኑ መሪ ቅሬታው ሌላ ነበር። «ጽሑፉ ጥሩ ነው እማማ፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኃጢአት ብቻ! ጌታን የተቀበለበት ቦታ የታለ? ደጋግሜ ፈለግኩ። ክፍል ሁለት አለው እንዴ?» የወጣቶቹ ጸሎት ቡድን ጾም ያዘለት። ኢንሹራንስ የሚሸጠው ወንድም ዘገዬ ደግሞ ጥግ አስይዞኝ በሹክሹክታ «አይጨነቁ እማማ፤ የጀልባው ነገር ጊዜው አልፎበታል፣ አይከሰስም» አለኝ። እቤት እስክደርስ ድረስ ፖሊስ በራችንን ሲያንኳኳ ይታየኝ ነበር። ጀልባ እንዳልተቃጠለ እያወቅኩ!

አሜሪካኖቹስ ይሻሉ ይሆናል ብዬ፣ ብሩክሄቨን አንድ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ከመጽሐፉ ሲያነብ አብሬው ሄጄ ነበር። አንዲት ነጭ ሴትዮ ሁለት እጆቼን ይዛ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ ላሳለፍሽው ሁሉ አዝናለሁ አለችኝ። ምን ልበላት? አመሰገንኳት። ሌላው ተነስቶ ያብስራን «ይህ ነገር በእርግጥ ሆኗል?» ብሎ ጠየቀው። ያብስራ አሰብ አደረገና «ሁሉም እውነት ነው፤ ግን አልሆነም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ምነው ልጄ፣ አልሆነም ብቻ ብትልስ ምን ነበረበት እላለሁ።

ሄራን ባትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልከበደኝ።

ሄራን ፋርማሲስት ናት። እሷና ያብስራ ከልጅነታቸው ጀምሮ በመዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን እየቆሙ ነው ያደጉት። ከእሷ በቀር ሌላ ሴት ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም፤ ይፈራል። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ። ሩዝ መቀቀል የማይችል፣ ራሱን ባመመው ቁጥር ከኢንተርኔት ላይ ትልቅ በሽታ የሚያገኝ ልጅ ለማን ትቼው እሄዳለሁ እያልኩ እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቷል። ሄራን እሺ ስትለው ደረቴ ላይ ተጭኖኝ የኖረ ነገር ወረደልኝ። የቀሩት አባቷ ነበሩ።

አቶ ሀብቶም ሎረንስቪል ውስጥ ነዳጅ ማደያ አላቸው። ሄራን አንድ ልጃቸው ናት። «ልጄን የሚፈልግ በወግ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። እሰየው፣ ወግ እንወዳለን። ከዚያ ግን ያብስራ ደወለ።

«እማማ፣ ጋሽ ሀብቶም መጽሐፉን ገዝቷል።»

«ገዝተዋል በል! ይግዙ፣ ማን ያልገዛ አለ?»

«በእስክሪብቶ እያሰመረ ነው የሚያነበው። ሄራን አይታዋለች።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት ጋሽ ሰብሐት ናቸው። ጋሽ ሰብሐት ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተጣላ ሸሪክ፣ ለሁለት ሊከፈል የደረሰ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር አስታርቀዋል። ዘዴያቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። «እኔ አልከራከርም እህት ኤልፍነሽ። ሰውየው የተናገረውን ሁሉ ተናግሮ እስኪወጣለት ቆሜ እሰማለሁ። አጥፍቷል እላለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንጨርሳለን።»

«መጽሐፉንስ አንብበውታል ጋሽ ሰብሐት?»

«አንብቤዋለሁ እንጂ! ሽፋኑ ደስ ይላል።»

ሴት ለሽምግልና አትሄድም፤ ግን ቤት ብቀመጥ ልቤ ቀጥ ይል ነበር። «መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፣ አልወርድም» ብዬ ቃል ገባሁና ከኋላ ወንበር ገባሁ። ጋሽ ሰብሐት፣ ወንድም ዘገዬና አንድ ዝምተኛ ዲያቆን ሆነው ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የአቶ ሀብቶም ቤት በር ላይ ፓርክ አደረጉና፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርገውልኝ ገቡ።

ጸሎት ጀመርኩ። ውሻ የሚያዞር ጎረቤት ሁለት ጊዜ አልፎ አየኝ። ፖሊስ ሳይጠራብኝ አይቀርም ብዬ ፈገግ አልኩለት፤ ፈገግታዬ ይበልጥ ሳያስፈራው አልቀረም፣ ፈጠን ብሎ ሄደ። ወዲያው የቤቱ በር ተበርግዶ ሄራን በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች።

«እማማ! ነይ ግቢ በናትሽ!»

«ምነው? እምቢ አሉ?»

«ኖ! ጋሽ ሰብሐት ሁሉንም ነገር ኮንፌስ እያደረገ ነው! ዳዲ መጽሐፉን እየገለጠ ይጠይቃል፣ ጋሽ ሰብሐት ደግሞ አዎ፣ አጥፍቷል ይላል!»

«ምን ምን አጥፍቷል አሉ?»

«ሐብሉን ሰርቋል። ጀልባውን አቃጥሏል። አሁን ላስ ቬጋስ ደርሰዋል!»

የመኪናው በር እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም። ጉልበቴን ያመኛል የምለው ሰው ደረጃውን ከሄራን ቀድሜ ወጣሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። በወጉ የልጅቷ አባት ተቀመጡ እስኪል ሽማግሌ ይቆማል፤ እስካሁን ተቀመጡ አልተባሉም ማለት ነው። የዲያቆኑ እግር ይንቀጠቀጣል። የሄራን እናት ወይዘሮ ሰሎሜ የኬክ ሳህን ይዘው መሀል ላይ ተገትረዋል። አቶ ሀብቶም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ቢጫና ሮዝ ወረቀት በየገጹ ለጥፈውበት የበዓል ዛፍ መስሏል።

«እዚህ ላይ» ይላሉ አቶ ሀብቶም፣ «ላስ ቬጋስ ሄዶ በሰከረበት አንዲት ሴት አግብቷል። ይሄስ?»

ጋሽ ሰብሐት አንገታቸውን ሰበሩ። «አጥፍቷል። ልጅነት ነው። ስለ ጌታ ብለው ይማሩት።»

«ከዚያ በፊት ደግሞ ታስሮ ነበር።»

«አጥፍቷል።»

«የጀልባው እንኳ ጊዜው አልፎበታል» አለ ወንድም ዘገዬ፣ የረዳ መስሎት።

«ምንም አላጠፋም!» ብዬ ገባሁ።

ሁሉም ዞሩ። ጋሽ ሰብሐት እጃቸውን ወደ ታች ወደ ታች አደረጉብኝ። «እህት ኤልፍነሽ፣ እባክሽ፣ ልንጨርስ ትንሽ ነው የቀረን።»

«ልጄን ነው እንጂ የጨረሳችሁት! ልጄ ጀልባ አላቃጠለም! አቶ ሀብቶም፣ ቤትዎ ሳልጠራ ገባሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ይሄ ልጅ ጀልባ ሊያቃጥል ቀርቶ ጀልባ አጠገብ አይደርስም። አኳሪየም ወስደነው ዓሣዎቹን በመስተዋት ሲያይ ነው ያስመለሰው። ሐብሉም ይኸው!» ኮሌታዬን ገልጬ አሳየኋቸው።

«ተክቶ ነው ተብሏል» አሉ አቶ ሀብቶም።

ፋናዬ! አልኩ በሆዴ። «አልተካም! ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በሠርጌ ቀን ያሰረልኝ ነው። ቬጋስ ደግሞ በምን ይሄዳል? አውሮፕላን ብቻውን አይሳፈርም። ለሽልማቱ እንኳ ኒውዮርክ እጁን ይዛ የወሰደችው እናቱ ናት። ታሰረ ያሉትስ? አንድ ጊዜ ጁሪ ዱቲ የሚል፣ ፍርድ ቤት ተቀምጦ እንዲፈርድ የሚጠራ ደብዳቤ መጥቶለት ሊታሰር የተጠራ መስሎት ካልሲና ፒጃማ በሻንጣ ከትቶ ጠበቀኝ!»

ወይዘሮ ሰሎሜ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው በኬኩ ሳህን ፊታቸውን ሸፈኑ።

አቶ ሀብቶም ግን አልሳቁም። መጽሐፉን አነሱትና እንደ ማስረጃ ወደ ላይ ያዙት። «እንግዲህ ይሄ ሁሉ አልሆነም ነው የሚሉኝ?»

«አልሆነም!» አልኩ በኩራት።

«አንድም?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድም!»

«ታዲያ ውሸታም ነው።»

«አጥፍቷል» አሉ ጋሽ ሰብሐት ቶሎ ብለው።

«ኧረ እርስዎ ሰውዬ አጥፍቷል አይበሉ!» አልኳቸው።

«አይ፣ ልክ ናቸው» አሉ አቶ ሀብቶም። «እኔ ሁለት ምርጫ ነው የቀረልኝ። ወይ አድርጎታል፤ እንግዲያው ወንበዴ ነው። ወይ አላደረገውም፤ እንግዲያው ይሄን የሚያህል መጽሐፍ ሙሉ ዋሽቶ የተሸለመ ሰው ነው። ልጄን ለየትኛው ልስጥ?»

ሄራን «ዳዲ፣ ፊክሽን እኮ ነው!» ብላ ስልኳን አወጣችና ለያብስራ ደውላ፣ ስፒከር አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሄይ፣ ሁሉም እየሰሙህ ነው። ዳዲ መጽሐፉ እውነት ነው ወይስ ውሸት ብሎ እየጠየቀ ነው። መልስ።»

ያ የማውቀው ድምፅ፣ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ «ደህና ዋሉ ጋሽ ሀብቶም። እ... ሁሉም እውነት ነው፤ ግን—»

«ዝም በል!» ጮህኩበት። ያጨበጨቡለትን መልስ ሊደግማት ነበር እኮ!

አቶ ሀብቶም ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ገለጡ። እዚያ ያለው ወረቀት ቀይ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሌላውን ሁሉ ተውኩት። ጀልባውንም ተውኩት። እዚህ ላይ ሚስቱ ታማ ሆስፒታል ገብታለች። እሱ ከታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደ መስኮቷ ያያል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ጥሏት ይሄዳል! እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው። ይሄ ሐሳብ ልቡ ውስጥ ከሌለ ከየት ያመጣዋል? ልጄ አንድ ቀን ትታመማለች። ሰው ናት።»

ጋሽ ሰብሐት እንኳ አጥፍቷል ለማለት አልደፈሩም። አቶ ሀብቶም ያን ገጽ በመዳፋቸው ደጋግመው ሲዳብሱት አየሁና አሳዘኑኝ። ይህን ዓይነት ፍርሃት አውቀዋለሁ። የእኔም እንደዚያ ነው።

«ከየት እንዳመጣው ልንገርዎት?» አልኳቸው። «ከእኔ ነው።»

«ከእርስዎ?»

«ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ባሱ ትንሽ ከዘገየ በሐሳቤ እገድለዋለሁ። መንዳት ከጀመረ ወዲህማ ኤይቲ ፋይቭ የሚሉት ሀይዌይ ላይ መኪናው ተገልብጦ ስንቴ አይቻለሁ! ሬሳው ሲመጣ፣ ሰዉ ሲሰበሰብ፣ ለቅሶ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ፋናዬ ምን እንደምትለብስ ሳይቀር አውጥቼ አውርጃለሁ። እናቱን ምን ብዬ እንደማጽናና ቃሉን መርጫለሁ። ከዚያ በሩ ይከፈትና፣ እማማ ራበኝ ይላል። ታዲያ እኔ ገዳይ ነኝ? ውሸታም ነኝ? ስለምወደው እኮ ነው! እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሄንኑ እየሰማ ነው ያደገው። ጥሎ የሚሄደውን ሰውዬ የጻፈው ሊሄድ ፈልጎ አይደለም። እሄድ ይሆን እንዴ ብሎ ከራሱ ፈርቶ ነው። እኔ የፈራሁትን አወራለሁ፣ እሱ የፈራውን ይጽፋል። እኔን ግን ማንም ሸልሞኝ አያውቅም።»

ከስልኩ ውስጥ «እማማ...» የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ዝም በል ብዬሃለሁ።»

ወይዘሮ ሰሎሜ የኬኩን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሀብቶምስ ቢሆን?» አሉ። «ሄራን ከሥራ ትንሽ ከዘገየች ያለውን ሆስፒታል ሁሉ በስልክ አይደል የሚያዳርሰው! ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆሞ፣ በቃ፣ አንድ ነገር ሆናለች ብሎ እንባው መጥቶ ነበር። ጂም ሄዳ ነው።»

«ሰሎሜ!» አሉ አቶ ሀብቶም።

«ምነው፣ ውሸት ነው? የቀብሩን ቦታ ሁሉ ነግረኸኛል።»

«ዳዲ!» አለች ሄራን። «ዋት?»

አቶ ሀብቶም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ብዙ ጠረጉት። ሲጨርሱ የወንበዴውንም የውሸታሙንም ነገር አላነሱም። ያ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትን ገጽ አንስተው ወደ እኔ አዞሩት።

«እሺ፣ ይሁን። እንግዲያው አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ሀይዌዩ ላይ ይወጣል። ከዚያ መውጫ ያያል፤ ፍሬቻ ያበራል። አለቀ! ቀጣዩ ገጽ ነጭ ነው። ማተሚያ ቤቱ የቆረጠው መስሎኝ የጎረቤት ቅጂ ተውሼ አየሁ። እሱም ነጭ ነው። ተመልሶ ሄደ ወይስ አልሄደም? ሴትየዋስ ዳነች?»

ሁሉም እኔን አዩ። እኔ ደግሞ ከጀልባው አላለፍኩም።

አቶ ሀብቶም ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ያብስራ። ሴትየዋ ዳነች?»

«እ... ጋሽ ሀብቶም፣ እሱ ለአንባቢው የተተወ ነው። አንባቢው ራሱ—»

«አንባቢው እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም።»

«አይ ሚን፣ እኔም ራሴ በእርግጥ አላውቅም።»

የአቶ ሀብቶም ፊት መልሶ ሲጨልም አየሁት። ወይ አምላኬ! ሴትየዋን ሆስፒታል አስተኝቶ አላውቅም ይባላል? የነገ አማቱ ፊት?

«ድናለች!» አልኩ።

«እማማ፣ ኖ—»

«ድናለች! ፍሬቻውን አብርቶ ወጥቷል፣ ዞሯል፣ ተመልሶ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሾርባ ይዞላት ሄዷል።»

«እማማ፣ መጽሐፉ እኮ እንዲህ አይ—»

ሄራን ከአባቷ ጎን ተንበረከከችና አፏን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ሁልጊዜ ግማሽ እንግሊዝኛ የምታወራው ልጅ በሙሉ አማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ያብስራ፣ ሴትየዋ ዳነች?» አለችው።

የዲያቆኑ እግር እንኳ መንቀጥቀጡን ተወ።

«ድናለች» አለ ያብስራ። ቆየት ብሎም፣ «ተመልሶ ሄደ። ሾርባውን መኪና ውስጥ ረስቶት ነበር፤ ግን ሄደ» አለ።

አቶ ሀብቶም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እኔም ብዬ ነበር» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። «ተመልሶ ይሄዳል አላልኩሽም? ፈርቶ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም አላልኩሽም?»

«ብለህ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሰሎሜ።

አቶ ሀብቶም መጽሐፉን ዘጉ። ሽማግሌዎቹን ገና አሁን ያዩዋቸው ይመስል «ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!» አሉ።

ሦስቱም ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። ጋሽ ሰብሐት ከልማድ የተነሳ «ስለ ቆምነውም አጥፍተናል» አሉ፤ ማንም አልመለሰላቸውም። ኬኩ ዞረ። አቶ ሀብቶም ሁለት ቁራሽ በሉ፤ ሲጨርሱ አፋቸውን ጠርገው፣ በወጉ፣ «ቤተሰብ ተመካክረን መልስ እንሰጣለን፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሱ» አሉ። ሴት ልጅ ሊከለክል ያሰበ አባት ተቀመጡ አይልም፤ ቅዳሜ ተመለሱ ካለማ ሰጥቷል። ለእኔም «እርስዎም ይምጡ፤ መኪና ውስጥ አይቀመጡ» አሉኝ።

ስኔልቪል ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ያብስራ ደወለ።

«እማማ፣ ታውቂያለሽ ምን እንዳደረግሽ? ኒውዮርክ ያለ ትልቅ ሀያሲ ስለዚያ መጨረሻ ብቻ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፏል። ክፍት መሆኑ ነው ውበቱ ብሏል! አሁን ጋሽ ሀብቶም ለቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ድናለች ብሎ ይነግራል።»

«ይንገሩ። ደስ ይበላቸው ለሰዎቹም።»

«ሀያሲው ቢሰማስ?»

«ሀያሲው ልጁን ሊድርልህ ነው?»

ከኋላው የሚያልፍ መኪና ድምፅ ሰማሁ።

«እየነዳህ ነው እንዴ?»

«ሄራን ጋ እየሄድኩ ነው፣ ሀይዌይ ላይ—»

«ዝጋው! ዝጋውና ሁለቱንም እጅህን መሪው ላይ አድርግ!»